የልጄን የማቀዝቀዣ ሙያ የከለከልኩበት ደብዳቤ እንዲሻርልኝ

ቀን፦ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ለሙያ ሥልጠና ምደባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክብርት ወይዘሮ ፈውዚያ መሕጁብ
ማሕዲያ

ጉዳዩ፦ ኦገስት 20 ቀን በራሴ እጅ ጽፌ ያቀረብኩት ተቃውሞ ተሽሮ፣ ልጄ ኢንሳፍ ገዲራ በማቀዝቀዣ ጥገና የዲፕሎማ ሥልጠና እንድትመዘገብ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ላዝሃር ገዲራ በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ስሆን፣ ከዚህ በታች ያለውን በትሕትና አመለክታለሁ። ማመልከቻው ለመንግሥት ጽሕፈት ቤት ከሚገባው በላይ ደስ ደስ ያለው ሆኖ ከተገኘ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሦስት ጊዜ ገልብጬ ጻፍኩት፤ ደስታው ግን አልወጣልኝም።

1. ልጄ ኢንሳፍ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ባለፈው ዓመት በሒሳብ ክፍል ተመድባ ተማረች። ክፍሉን የመረጥኩላት እኔ ነኝ። በበጋው ዕረፍት ለእኔ ሳትነግረኝ ወደ ሙያ ዲፕሎማ ለመዛወር በጽሕፈት ቤትዎ አመለከተች፤ የመግቢያ ፈተናውንም አልፋ ከአሥራ ስድስቱ ሠልጣኞች አንዷ ሆና ተመረጠች።

2. ይህን እንደሰማሁ አራት ገጽ ተቃውሞ ጻፍኩ። ልጅቷ የምታደርገውን አታውቅም የሚል ዓረፍተ ነገርም አለበት። ዕድሜዋ ስላልደረሰ ጽሕፈት ቤትዎ የአባትን ቃል ተቀብሎ፣ ተቃውሞዬን በጽሑፍ እስካነሳ ድረስ ቦታዋን አገደ። ጽሕፈት ቤቱ አንዳች አላጠፋም። መልሱ በስድስት ቀን ሲደርሰኝ እንዲያውም በቅልጥፍናው ተደንቄ ለባለቤቴ ለሰልዋ አሞግሼላታለሁ። እሷ ግን ለሁለት ቀን አላናገረችኝም።

3. ለምን እንደተቃወምኩ መደበቅ አልፈልግም። በክፍሌ ውስጥ ሳያጠና የመጣ ተማሪ ሲያጋጥመኝ፣ "እንዲህ ከሆነ ወደብ ዳር ዓም ሻዝሊ ጋ ሄደህ ፍሪጅ ትጠግናለህ" እል ነበር። ዓም ሻዝሊ፣ ሁላችንም ዓም (አጎት) የምንለው፣ በከተማው የታወቀ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። ይህን ስናገር ተማሪዎቹ ይስቁ ነበር፤ እኔም እስቅ ነበር። ታዲያ የገዛ ልጄ እዚያ ስትሄድ ከተማው ሁሉ የሚስቅብኝ መስሎ ታየኝ።

በሒሳብ ክፍል ያሳለፈችውን ዓመትም አልደብቅም። በምሳ ሰዓት ዓይኗን ከሳህኑ አታነሳም ነበር። ጥያቄ ስጠይቃት "እሺ" እና "አላውቅም" ብቻ ትላለች። አንድ ቀን የፈተና ወረቀቷን ደብቃ ሳገኘው "ባባ፣ እኔ ደደብ አይደለሁም" አለችኝ። እኔ ግን በበጋም ጭምር የሚያስጠናት የሒሳብ አስጠኚ ቀጠርኩላት።

4. ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ አስጠኚውን መንገድ ላይ አገኘሁትና የልጄን ጉብዝና ጠየቅሁት። "መምህር፣ ኢንሳፍን ካየኋት ስድስት ሳምንት ሆነኝ" አለኝ። የት እንደምትውል ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ዓም ሻዝሊን ልገስጸው፣ ልጄንም እጇን ይዤ ላወጣት በቀጥታ ወደ ወደብ ሄድኩ። የምናገረውንም እየተራመድኩ አዘጋጀሁ፤ መግቢያ፣ ሦስት ነጥብና መደምደሚያ ነበረው።

በሩ ላይ ስደርስ ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ አንዲት ዓሣ ሻጭ ሴትዮ ይዛ የመጣችውን ፍሪጅ ፈታ ቆማለች። ሴትዮዋ ትከራከራለች።

"ጋዙ አልቋል ብለውኛል፤ በየወሩ ነው የሚያልቀው። አንቺ ሙዪውና ልሂድ።"

"አክስቴ፣ ጋዝ እኮ እንደ ሳሙና አያልቅም" አለቻት ልጄ። "ተዘግቶበት እዚያው ነው የሚዞረው። ከጎደለ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይደፍን የሚሞላልሽ ሰው በወሩ ተመልሰሽ እንድትመጪለት ነው የሚፈልገው።"

"ታዲያ ብርዱን ከየት ነው የሚያመጣው?"

"ብርድ አያመጣም። ከውስጥ ያለውን ሙቀት እያነሳ በጀርባው ይጥለዋል። እጅሽን እዚህኛው ፍሪጅ ጀርባ ላይ አድርጊ፤ ይሄ እየሠራ ነው። ሞቀሽ? ይኸው፣ ከውስጡ የወጣ ሙቀት ነው።"

ክብርት ሆይ፣ እኔ የአምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነኝ። በቤቴ ፍሪጅ አለ። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ያዘጋጀሁት ንግግር ከነመደምደሚያው ጠፋብኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪዎች እጅ ሲያወጡ ያየሁ ሰው በሩ ላይ እንደቆምኩ እጄን አወጣሁና ጠየቅሁ፦

"የፍሪጁን በር ከፍቼ ብተወው ቤቱ ይቀዘቅዛል?"

"አይ፣ ይባስ ይሞቃል" አለች ዞራ ሳታይ። ከዚያ ድምፄን ለየችው መሰለኝ፣ ዞረች። ፊቷ አመድ መሰለ። መፍቻው ከእጇ ወደቀ።

እኔ ግን መልሱን ፈለግሁ። "ለምንድን ነው የሚሞቀው?" አልኳት።

ወጥመድ እንደሆነ ለማጣራት ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ጀመረች። ከአንዱ ጎን የሚነሳው ሙቀት በሌላው ጎን እዚያው ክፍል ውስጥ እንደሚፈስ፣ ሞተሩም የራሱን እንደሚጨምርበት አስረዳችኝ። ሳይገባኝ ሲቀር ጠመኔ አንስታ ወለሉ ላይ ሣለችልኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል አወራች። በዓመት ውስጥ ከሰማሁት ድምጿ ሁሉ ይበልጣል። ገባኝ፤ ወለል ብሎ ገባኝ። ዓሣ ሻጯም ገባት፤ እኔን በክርኗ ጎሸም አድርጋ "ልጅቷ የማን ናት?" አለችኝ። "የእኔ" አልኳት።

5. ዓም ሻዝሊ ከጓዳ ወጥቶ ወንበር አቀረበልኝ። "መምህር፣ እንኳን ደህና መጡ። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆችን በእኔ ሲያስፈራሩ ኖረው ዛሬ በእግርዎ መጡ" አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። "ምን ይቅርታ ያስፈልጋል? እርስዎ ከላኩልኝ ልጆች ሁለቱ ዛሬ የመርከብ ማቀዝቀዣ ይሠራሉ። ጥሩ ጥሩውን ነው የሚልኩልኝ" ብሎ ሳቀ። ስለ ልጄ ሲናገር ግን አልሳቀም። "እኔ በጆሮ የተማርኩ ነኝ፤ የማውቀውን ጨርሳብኛለች። አሁን የሚያስፈልጋት ትምህርት ቤት ነው" አለኝ።

6. ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን በሙሉ ልጄ ተናገረች፣ እኔ ጠየቅሁ። ስንደርስ ባለቤቴ የሆነውን ሳትሰማ ፍሪጁን ከግድግዳው ማራቅ ጀመርን፤ ከጀርባው አየር ያስፈልገዋልና። ሰልዋ በኩሽናው በር ቆማ፣ "አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጣብቀህ ያቆምከው አንተ ነህ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ለፀጉር አስተካካዬ፣ ለአውቶቡስ ሾፌርና ለሁለት የሥራ ባልደረቦቼ አስረድቻለሁ። ባልደረቦቼ አሁን ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ።

7. ምዝገባው የፊታችን ቅዳሜ ይዘጋል። ልጄም የሒሳብ ክፍሉን ቦታ ትታዋለች። ተቃውሞዬ እስከዚያ ካልተነሳ በእኔ አራት ገጽ ምክንያት ዓመት ሙሉ ቤት ትቀመጣለች። ስለዚህ ተቃውሞዬ ዛሬውኑ እንዲሻርልኝና ቦታዋ እንዲለቀቅላት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የፈቃድ ቅጹን ፈርሜ አያይዣለሁ። ቸኩዬ ሁለት ቦታ ላይ ፈርሜበታለሁ፤ የማያስፈልገውን ይሰርዙልኝ።

ልጄ ይህን ማመልከቻ አንብባለች። በመጀመሪያው ረቂቅ "ፍሪጅ ሙቀትን ያጠፋል" ብዬ ነበር። "ሙቀት አይጠፋም ባባ፣ ቦታ ነው የሚቀይረው" ብላ አስተካክላኛለች።

8. በመጨረሻ አንድ ትንሽ ልመና አለኝ። በማሠልጠኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ለአዋቂዎች ክፍት የሆነ ትምህርት እንዳለ ሰምቻለሁ። ቦታ ከተገኘ፣ ያለ ዲፕሎማና ያለ ምስክር ወረቀት፣ በአድማጭነት እንድገባ ይፈቀድልኝ። ልጄን አማክሬያት በሁለት ቅድመ ሁኔታ ተስማምታለች፦ መጨረሻው ረድፍ እንድቀመጥና አባቷ መሆኔን ለማንም እንዳልናገር። የመጀመሪያውን ተቀብያለሁ። ሁለተኛውን ግን ቃል መግባት አልቻልኩም።

ለሚደረግልኝ ሁሉ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ከሰላምታና ከአክብሮት ጋር፣

ላዝሃር ገዲራ
(ፊርማ)
የኢንሳፍ አባት