የጋሽ ሰይድ ሚኒባስ መስታወት

ረቡዕ፣ ጥር 20። ከሰዓት 10 ሰ.
እጄ አሁንም ጥቁር ነው። ከጋሽ ሰይድ ሚኒባስ አሮጌውን ማጣበቂያ በቢላ ስፍቅ ዋልኩ። የፊት መስታወቱን ጠጠር ሰብሮበታል። ለመኪና የሚሆነው ጥቁሩ ማጣበቂያ አልቆብናል፤ ከኮምቦልቻ የሚመጣው ሰኞ ነው። ጋሽ ሰይድ አይጠብቅም። እሑድ ወደ ሰንበቴ ገበያ ሰው ይጭናል። አባባ ትንሽ አሰበና ነጩን አመጣ። ለቤት መስኮት የምንጠቀምበትን ሲሊኮን። በእሱ ገጠምነው።

ሐሙስ፣ ጥር 21። ጠዋት
አባባ እንደ ልማዱ በአዲሱ መስታወት ላይ በጆግ ውሃ አፈሰሰ። እኔ ከውስጥ ዳር ዳሩን በጣቴ ዳበስኩ። ጠብታ የለም። አልሐምዱሊላህ አለ። አለቀ ማለት ነው።

ሐሙስ፣ 9 ሰ.
ደብተሬ፣ ከጨፋ አንድ ገበሬ በፒክአፑ መጣ። መስታወቱን አባባ ከሁለት ወር በፊት በነጩ የገጠመለት ነው። ንፋስ ያፏጫል አለ። አባባ ሱቅ ሄዶ ነበር። የማጣበቂያውን ጫፍ ይዤ ሳብ አደረግሁት። ከብረቱ ላይ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተላጠ። እስከ ጥጉ ድረስ! ይሄም በውሃ ተፈትኗል እኮ። ጆጉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ውሃ አለማስገባት ሌላ፣ መያዝ ሌላ።
አባባ መጥቶ አየ። ብረቱ አቧራ ነበረበት አለ። ገበሬውን ሰኞ ተመለስ ብሎ ሸኘው። ስለ ሚኒባሱ አልተነፈሰም።

ዓርብ፣ ጥር 22
አባባ ለጁምዓ ውዱእ ሲያደርግ ውሃ እያፈሰስኩለት፣ የሚኒባሱም እንደዚያው ይላጣል ብዬ ነገርኩት። ድምፄ አልወጣ አለኝ፤ ሁለቴ ደገምኩት። ጠብታ አገኘሽ ወይ አለኝ። አላገኘሁም። ሃያ ዓመት መስታወት የገጠመን ሰው ልጁ ልታስተምረው ነው ብሎ ሳቀ። ሳቁ አጭር ነበር። ሲጨንቀው ጢሙን ያሻል። አሸ።
ከሶላት በኋላ ጋሽ ሰይድ ሚኒባሱን ሊያይ መጣ። አካም ኦልቴ ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። ወደ አባባ ዞሮ፣ «የዚችንም አፍ በዚሁ አጣበቅኸው እንዴ?» አለ። ተሳሳቁ። ልናገር ነበር። ቢላውን ማጽዳት ያዝኩ።
ነገ ጠዋት ይወስደዋል። ጋቢናው ለእናቶች ነው አለ። ሕፃን የያዘች ካለች ሁልጊዜ ፊት ነው የሚያስቀምጣት፤ ኋላ እንዳትጨናነቅ። ደግ ሰው ነው። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 23። 2 ሰ.
ቁርስ ላይ ለአባባ ደግሜ ነገርኩት። ሥራሽን ሥሪ አለኝ። ለጋሽ ሰይድ ብናገር የሚጠፋው የአባባ ስም ነው። ከሚሴ ትንሽ ናት፤ እስከ ዙህር ሶላት ያልሰማ አይኖርም። ዝም ብል ደግሞ አንድ ፍሬን፣ አንድ ግጭት፣ ከፊት ያቺ እናት ከነልጇ። መስታወቱ ተነቅሎ ሲሄድ ይታየኛል።

2 ሰ. ተኩል
ቆረጥኩ። መናገር አልችልም። እግር ግን አለኝ። ጋቢና ገብቼ፣ ጀርባዬን ወንበሩ ላይ አስደግፌ፣ መስታወቱን በሁለት እግሬ እገፋዋለሁ። ሁለቱም እያዩኝ። ከተላጠ በዓይናቸው ያዩታል። ከያዘ አበደች ይበሉኝ። እውነቱን ልንገርሽ ደብተሬ፣ እንዲይዝ ነው የምመኘው። ለአባባ ብዬ።
ጋሽ ሰይድ መጣ። ከአባባ ጋር እየተጨባበጡ ነው። ጫማዬን አውልቄያለሁ። ጋቢናው ክፍት ነው። ልገባ ነው።