ለመስቀል ያልመጡት

ብርቄ፣ ዓለሜ፤

ከተለየሽኝ ወዲህ ሁለተኛው መስቀል አለፈ። የመጀመሪያውን በሐዘንሽ ውስጥ ሆኜ አላየሁትም። የዘንድሮውን አየሁት። ባላየሁት ይሻል ነበር።

እንዴት ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ብዕሩን አነሣሁና አፈርኩ። ሙታን እንዴት ሰነበታችሁ ይባላሉ? እኔ ደህና አይደለሁም። ዛሬ የገበያ ቀን ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ቡታጅራ ገበያ ወርዷል፤ ልጃችን ሙሉም ከእትዬ ዘይነባ ጋር ሄዳለች። ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቢሆንም በሩን ደጋግሜ ተነሥቼ አየሁት።

የምጽፍልሽ ስለናፈቅሽኝ ነው። ደግሞም ይህን ነገር ልነግረው የምችለው ሰው ከአንቺ ሌላ ስለሌለ ነው። አንቺን ጠርቶ የሚመረምርሽ የለም።

ቤቱን ልንገርሽ። የተከልሽው እንሰት ከልጅሽ ከሙሉ ቁመት በልጧል። የሙሉ የፊት ጥርስ ወለቀ፤ ጣሪያው ላይ ወርውራ ነጭ ጥርስ እንዲሰጣት ቁራን ለመነች፤ ከዚያ ደጅ ቆማ ቁራውን ስትጠብቅ ዋለች። የስልክ ቤቱ የጣሊያን ዕቃ ቤት ሆኗል። እኔም ስልከኛነቴ ቀርቶ አስተርጓሚ ሆኛለሁ። አስመራ ሳድግ የለመድኩት የጣሊያን ቋንቋ፣ ያ ስናገረው «ሆድህን የቆረጠህ ትመስላለህ» እያልሽ የምትስቂበት፣ አሁን ጉርሳችን እሱ ነው። በመንገድ ሳልፍ ሰው ወሬውን ያቋርጣል።

የምተረጉመው ለአንድ ጣሊያናዊ ሐኪም ነው። ዶቶሬ ይሉታል። ወጣት ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን አይደለም። አምና አንቺን ከቀበርን በኋላ ፈንጣጣ በዚህ አገር አልፎ ነበር፤ እሱም አንድ ነገር ለማወቅ ተነሣ። አባትሽ አቶ በርጋ ከታመመ ሰው ቁስል ወስደው የልጅ ክንድ ጭረው የሚያደርጉት ክትባት፣ ያድናል ወይስ ይገድላል? ቤት ለቤት ዞሮ የተከተበውንና ያልተከተበውን፣ የሞተውንና የተረፈውን ሊያመዛዝን። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንቺ የከታቢ ልጅ ነሽና ትወጂው ነበር።

ጊዜውን ግን አበላሸው። ጉራጌ የትም አገር ቢነግድ ለመስቀል ቤቱ ይገባል ብለው ነገሩት፤ እሱም ሁሉንም ሰው አገኛለሁ ብሎ የመስቀልን ሳምንት መረጠ። ጣሊያኖቹም አንድ ሹምባሽ፣ የአስካሪዎቻቸውን አለቃ፣ ከእኛ ጋር ላኩ። ሹምባሹ ስለ ፈንጣጣ ግድ አልነበረውም። የመጣው የጎደለውን ወንድ ለማየት ነው። ለመስቀል ቤቱ ያልገባ ወንድ ወይ ሞቷል ወይ አርበኛ ሆኖ ዱር ገብቷል። ዱር የገባ ሰው ቤት ይቃጠላል።

የመጀመሪያው ቤት የእትዬ ዘይነባ ነበር። ልጃቸው ሱልጣን እስላም ቢሆንም ከጓደኞቹ ጋር ለመስቀል ሳይገባ የማይቀረው፣ ታስታውሺዋለሽ። ዱር የገባ ዕለት እኛ ቤት ቆጮ በልቶ ነው የሄደው። እትዬ ዘይነባ ይህን እንደማውቅ ያውቃሉ። ልጅዎ የት አለ ይልዎታል፣ አልኳቸው።

አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ሞተብኝ! ፈንጣጣ በላብኝ! ኢንና ሊላሂ!»

ተከትቦ ነበር ወይ፣ አለ ዶቶሬው።

«በአቶ በርጋ እጅ! ከነጠባሳው ተቀበረ!» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በጉራጊኛ ለእኔ ደግሞ፣ «ንገረው እንጂ፣ ምን ትገተርብኛለህ? የስልክ እንጨት!»

ነገርኩት።

የእሳቸው ጩኸት ለቀጣዩ ቤት ትምህርት ሆነ፣ የዚያኛውም ለሚቀጥለው። ፀሐይ ሳትበረታ በሰፈሩ የጎደለ ወንድ ሁሉ በፈንጣጣ ሞቶ ተገኘ። በአንዱ ቤት ሚስትየዋ ለማልቀስ ስትታገል ሳቋ አመለጣት፤ አማትየዋ ክፉኛ ቆነጠጧትና አለቀሰች። እኛ ቤት ስንደርስ ዶቶሬው ቆቡን አውልቆ «ያንተስ ባለቤት?» አለኝ። በተስቦ ሞተች፣ አልኩት። በዚያ ሁሉ ሰፈር የእውነት ሞት የሞትሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ። እሱ ግን ተስቦ አልፈለገም፣ አለፈሽ።

ተርፈናል ብዬ ነበር።

ያላሰብነው ከዚያ በኋላ መጣ። ሞቱ የተባሉት ሁሉ በአባትሽ እጅ የተከተቡ ናቸው። ይህ እውነት ነው፤ በዚህ አገር እሳቸው ያልከተቡት ማን አለ? መሞታቸው ውሸት፣ መከተባቸው እውነት። ሁለቱ ተደምረው አባትሽን ገዳይ አደረጓቸው። ወጣቱ ዶቶሬ የአገሬው ክትባት ወንዱን ፈጀው ብሎ ጻፈ።

ከወልቂጤ በኩል ሌላ ሐኪም መጣ፣ ሽማግሌ፣ ፒፓ ከአፉ የማይለይ። ሁለቱ በፊቴ ተከራከሩ። እኔ እንደ ወንበሩ ነበርኩ። ወጣቱ ክትባቱ ይታገድ፣ ይገድላል ይላል። ሽማግሌው ቀስ ብሎ ይጠይቃል። ሴቶቹም በዚያው እጅ ተከትበዋል፤ ለምን አልሞቱም? ፈንጣጣ ወንድ መምረጥ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? በመጨረሻም ፒፓውን አውጥቶ፣

«መቃብራቸውን አየህ?»

ብርቄ፣ ወጣቱ ተሳስቶ ነበር፤ በስሕተቱ ተጠልለን ነበር። ሽማግሌው ትክክል ነበር። ሐኪም እውነቱን እንዳያገኝ ስጸልይ ራሴን ሰማሁት። በማግስቱ ሰው ሁሉ ጀፎሮው ላይ፣ በቤቶቹ ፊት ባለው ሰፊ ሜዳ፣ ተሰብስቦ መቃብሩን እንዲያሳይ አዘዙ።

ወደ አባትሽ ሮጥኩ። እንሰት መሐል ቆመው ይኮተኩታሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«በእኔ እጅ ሞቱ አሉ?»

አዎ፣ አባባ።

«ሱልጣንም?»

እሱም።

«እሱንስ ሸንኮራዬን ሲሰርቅ ይዤው ልገድለው አስቤ ነበር።» ሳቁ። ከዚያ መኮትኮታቸውን ቀጠሉ። «በል ሂድ፣ ልጅቱ ብቻዋን ናት» አሉኝ። ምን እንዳሰቡ ሳላውቅ ወደ ሙሉ ተመለስኩ።

በማግስቱ ሰዉ ጀፎሮው ላይ ተቀመጠ፣ ወንድና ሴት ለየብቻው፣ እንደ ልማዱ። ሹምባሹ ከወታደሮቹ ጋር ከኋላ ቆመ። ሽማግሌው ሐኪም መቃብሩን ማን ያሳየኛል አለ። ተረጎምኩ። የእትዬ ዘይነባ መቁጠሪያ ሲቆም ሰማሁት። መቁጠሪያ ሲቆም ይሰማል ብለሽ ታምኛለሽ? ይሰማል።

አባትሽ ተነሡ።

«የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አሉ። «ወንዶቹ ለንግድ ሊወጡ ሲሉ ዳግመኛ ከተብኳቸው። ሴቶቹን አልደገምኳቸውም። ቁስሉን የወሰድኩት ከክፉ በሽተኛ ነበር። የቀበርኳቸውም እኔው ነኝ፣ ለቀስተኛ ሳልጠራ፣ ምልክት ሳላኖር። ቦታውን አልናገርም። ጉድጓዱ ከተከፈተ በሽታው ይነሣል፤ ያኔ ማንንም አይመርጥም፣ እናንተንም ጭምር።»

ወደ እኔ ዞሩ። አንተ ተርጉም እንጂ፣ የሚል ዓይን ነበር።

ተረጎምኩት። አንዲት ቃል አልጎደለችም።

ወጣቱ ፊቱ ነጣ፤ ደስ ያለው አይመስልም ነበር። ሽማግሌው ግን አባትሽን አላየም። እኔን አየ። ብዙ አየኝ። «የተናገረውን ልክ እንደተናገረው ነው የተረጎምከው?» አለኝ። ልክ እንደተናገሩት ነው፣ አልኩት። ቆቡን ደፋና «ይበቃል» አለ። ምን እንደገባው አላውቅም። አውቆ ማለፉ ይሁን፣ አምኖ ማለፉ። መኪና በሰማሁ ቁጥር ሐሳቡን ለውጦ የተመለሰ ይመስለኛል።

አባትሽን በካሚዮን ጭነው በቡኢ መንገድ ወሰዷቸው። የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም። ስጠይቅ እንዳልጠረጠር ስለምፈራ አልጠየቅኩም። አንድም ቤት አልተቃጠለም።

የአገሩ ክትባት ታገደ። በጉንችሬ በኩል ፈንጣጣው እንደገና ተነሣ ይላሉ፤ ዶቶሬው የራሱን መርፌ ይዞ ሰው ይጠብቃል፣ የሚመጣለት ግን የለም። ግማሹ መርፌው መርዝ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ፣ ይህ ነው የሚያስፈራኝ፣ ያንን ውሸት እያመነው ነው። ከሌላ አገር ተድረው የመጡ ልጅ እግር እናቶች የአባትሽ ስም ሲነሣ ይተፋሉ። ውሸት መሆኑን የሚያውቁት ደግሞ ሊያርሟቸው አይችሉም።

ክንድሽ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቴ ስነካው «የአባቴ ማኅተም ነው፣ አትደምስሰው» ትይኝ ነበር። ለሙሉም ያንኑ ሊያደርጉላት ነበር። አልደረሰም። እኔው ይዣት ሄጄ ለዶቶሬው መርፌ ክንዷን ሰጠሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ክንዷ አበጠ፣ ትኩሳት ያዛት። ስትተነፍስ እያዳመጥኩ፣ ሽማግሌው ሐኪም ኖሮ ይህንንም ቢጠይቅልኝ እያልኩ ሰነበትኩ። የሚያስፈራኝን ሰው ተመኘሁት። ቁስሉ ደረቀ፣ ድናለች።

ከዚያ አንድ ቀን ልጆች ምን እንዳሏት እንጃ፣ ከጨዋታ መጥታ ጉልበቴን ያዘች።

«አባዬ፣ አባባ በርጋ ሰው ገደለ እንዴ?»

ሹምባሹ ለልጆች ካራሜላ እየሰጠ ወሬ ይጠይቃል። ሙሉ የሰማችውን ሁሉ ለሰው ትደግማለች፤ አንቺን ነው የወጣችው። ምን ልበላት?

አዎ፣ አልኳት።

አለቀሰች። ከራት በፊት ስንጸልይ ለአንቺ ለመነች፣ ለእኔ ለመነች፣ ለእትዬ ዘይነባም ለመነች። የአያቷን ስም ዘለለችው። እኔም አላስታወስኳትም።

ብርቄ፣ አንድ ነገር ቃል እገባልሻለሁ። አልረሳም። በአፌ የገደልኳቸውን ወንዶች ስም አንድ በአንድ ይዣለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አላሰፍረውም። ሱልጣንን ብቻ የጻፍኩት እናቱ በአደባባይ ስላለቀሱለት ነው። አንድ መስቀል ከዱር ይወጣሉ። ያን ቀን ሙሉን እጇን ይዤ ጀፎሮው ላይ ከፊታቸው አቆማታለሁ። አያትሽ ገደሏቸው ያልኩሽ ሰዎች እነዚህ ናቸው፣ ፊታቸውን ዳስሺ፣ እላታለሁ። ከዚያ በፊት መሞት እፈራለሁ። እኔ ከሞትኩ ያ አዎ ያልኩት ቃል እንዳለ ይቀራል፤ እሷም ይዛው ታረጃለች። አንቺንም፣ አባትሽንም፣ ያንን ቃልም እስከዚያ ቀን ተሸክሜ እቆያለሁ። አቆይልኝ ብለሽ እግዜርን ለምኚልኝ።

ደጅ ላይ ድምፅ አለ። የሙሉ ነው።

የሙሉ ይመስለኛል።