ግራ ትከሻው ዝቅ ያለው ጀግና

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አቃቂ ቃሊቲ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ ለየአብስራ፣

እንዴት ነህ ልጄ? ናይሮቢ ዝናቡ ቀለል አለልህ? እኛ ደህና ነን። ነገ ጾም ስለሚገባ ዛሬ ቅበላ ነው፤ ብሎኩ በሙሉ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። አባትህም ደህና ነው። ብርዱ ከገባ ወዲህ ወገቡን ያመዋል፣ እሱ ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ይንጎራደዳል። አመሉን ታውቀዋለህ።

በስልክ መጻፍ እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ። ስንት ዘመን ወስፌ የያዘ ጣት አንዱን ፊደል ልንካ ሲል ጎረቤቱን ይነካል። ድምፄን ቀድቼ እንዳልልክልህ ደግሞ ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ነው፤ የምነግርህን አባትህ እንዲሰማ አልፈልግም። የሦስተኛ ፎቁ ቀጀላ ለሥራ ወደዚያ ይመጣል ሲሉኝ ጊዜ የሰፋሁልህን ልብስም ደብዳቤውንም ለእሱ ሰጠሁት። ፎቶ አንሺዋ ናዕማ በቴሌግራም የላከችልህን ፎቶዎች አይተህ «እማ፣ ልብሱን የለበሰው ሰው ማነው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ዝም ያልኩህ ላስጨንቅህ ብዬ አይደለም። ከሥሩ ካልነገርኩህ አይጥምም ብዬ ነው።

መጀመሪያ «የመመረቂያ ሥራዬ ነው፤ የሳልኩት ሱፐር ሂሮ ልብሱ በእውነተኛ ቆዳ ተሰፍቶ፣ ሰው ለብሶት ፎቶ መነሳት አለበት» ስትለኝ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ግማሹ አልገባኝም። ግን ደስ አለኝ። ጫማ ፋብሪካ ስሠራ ኖሬ ጀግና አልብሼ አላውቅም። ስንት ነገር እንደጠየቅኩህ ታስታውሳለህ? ይበራል ወይ? ጭምብሉ ምን ይሠራለታል፣ ሌባ ነው እንዴ? ኪስ ከሌለው የታክሲውን የት ያስቀምጣል? አንተ ትስቃለህ፣ እኔ ግን የምሬን ነበር፤ የማላውቀውን ሰው ልብስ እንዴት ብዬ ልስፋ? በኋላ «አይበርም እማ፤ የሚወድቅ ነገር ይደግፋል። ግድግዳም ይሁን ድልድይ፣ ሰዎቹ ከሥሩ እስኪወጡ በትከሻው ይይዘዋል» ስትለኝ ሰውየውን ትንሽ ወደድኩት።

ቆዳውን የገዛሁት ሳሪስ አቦ ገበያ ከሀይረዲን ነው። ለደረቱና ለእጅጌው የበግ ቆዳ፣ ለትከሻው ወፈር ያለ የላም ቆዳ። ሀይረዲን «ለሞተር ነጂ ነው እንዴ እትዬ?» አለኝ። «አይ፣ ለጀግና ነው» ስለው «በዚህ ሙቀት ቆዳ የሚለብስ ከሆነስ በእርግጥም ጀግና ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

ከዚያ ስህተቱ መጣ። ስዕልህን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሳየው የሰውየው ግራ ትከሻ ከቀኙ ሁለት ጣት ዝቅ ብሏል። ልኩንም እንደዚያው አድርገህ ጽፈህልኛል። «ልጄ ተቻኩሎ ነው» አልኩ። እኛ ፋብሪካ ግራና ቀኙ ያልተካከለ ጫማ ከተገኘ ተቆጣጣሪዋ ፊታችን ላይ ነበር የምትወረውረው፤ እጄ ጠማማ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ አስተካከልኩልህ። ቆርጬ፣ በወስፌ በስቼ፣ ሰፍቼ ፎቶውን ብልክልህ «እማ፣ ምን አደረግሽ? አታስተካክዪው! ልክ እንደሳልኩት!» ብለህ ጮህክብኝ። ቆዳ እኮ እንደ ጨርቅ ፈትተው መልሰው አይሰፉትም፤ አንዴ የተበሳው ቀዳዳ እንደተበሳ ይቀራል። ያ ደረት አሁን የገበያ ቦርሳዬ ሆኗል። «ለምንድን ነው የዘመመው?» ብልህ ደግሞ «በቃ እንደዚያ ነው» ብለህ ዘጋህብኝ። ሀይረዲን ጋ ተመልሼ ሌላ ቆዳ ገዛሁና እንዳልከኝ መስፋት ጀመርኩ። ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሽንኩርት ስልጥ፣ ቅዳሴ ቆሜ ሳይቀር፣ የዚህን ሰው ትከሻ ምን ነካው እላለሁ።

አባትህ ይህን ሁሉ በሩቁ ያየኛል። አንተ ኢንጂነሪንጉን ትተህ ስዕል ልማር ብለህ ከሄድክ ወዲህ ስምህን አንስቶ አያውቅም፤ ሲብስበት «ልጅሽ» ይላል፣ እኔ ከጎረቤት ያመጣሁህ ይመስል። አንተም ስትደውል «አባቴስ?» አትልም። ሁለታችሁም ግትሮች ናችሁ፣ በመሐል የማልቀው እኔ ነኝ። ከመካከላችሁ አንዳችሁ ሳትታረቁ ድንገት የሆነ ነገር ብትሆኑስ እያልኩ ስንቱን ቀን እህል ሳይወርድልኝ እንደቀረ እግዚአብሔር ያውቃል።

አንድ ቀን መጥቶ ከፊቴ ቆመ።

«ይሄ ጉድ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ልብስ ነው።»

«የማን?»

«የጀግና።»

«ሥራ ፈት ጀግና ነው መቼም» ብሎ ሄደ። በማግስቱ ግን ከሱቅ ስመለስ የትከሻውን ቆዳ አንስቶ ወደ መስኮቱ እያዞረ ሲያየው ደረስኩበት። «ለምን ዘመመ?» አለኝ። «እኔስ መች አወቅኩ» አልኩት። ሌላ ቀን ደግሞ አልታጠፍ ብሎኝ የተውኩት የቀበቶው ዘለበት በፒንሳ ተስተካክሎ አገኘሁት። እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩት። እንደ ድመት ነው፤ ከጠሩት አይመጣም።

ፎቶው ባለፈው እሑድ ሆነ። ናዕማ የሀይረዲን ልጅ ናት፤ ሰርግ ነው የምታነሳው፣ ይሄን ግን በነፃ አነሳለሁ ብላ ለመነችኝ። ቦታ ስትፈልግ ብሎካችን ሥር ያለውን ኮሚናል አየችና እዚህ ካልሆነ አለች። ታውቀዋለህ፣ ለበዓል በግ የምናርድበት፣ ለቅሶ የምንቀመጥበት፣ ግድግዳው ቀለም ያልነካው ቤት። እኔ አፈርኩ። እሷ ግን «እትዬ፣ በዚያች መስኮት የሚገባውን ብርሃን አያዩትም?» አለችኝ። ቁልፉ ያለው የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋ ነው፤ ሰብሳቢው አባትህ ነው፤ አባትህ ደግሞ ቁልፉን ለመልአክም አያውስም። ስለዚህ ራሱ ከፍቶ ደጃፉ ላይ እጁን ኋላ አድርጎ ቆመ።

ልብሱን እንዲለብስ የጠራነው ሚራክልን ነው፣ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራውን ያን ቁመተ ሎጋ። ከፈረቃው ወጥቶ ሳይተኛ መጣልኝ፤ ይባረክ። አለበስነው። ቀኙ ቁጭ አለ። ግራው ግን ከትከሻው ላይ ተነስቶ ሽቅብ ቆመ። ናዕማ ጎተተችው፣ እኔ ጎተትኩት፣ ሚራክል ራሱን አዘንብሎ ሞከረ፤ አንገቱን የተወጋ ሰው መሰለ። ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። አንተ ሥራህን ለረቡዕ አስረክብ ተብያለሁ ብለኸኛል፤ ቆዳው አይፈታም፤ ሌላ ለመስፋት ጊዜ የለም። ልጄ በእኔ እጅ ሊወድቅ ነው አልኩና እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ይሄኔ ናዕማ፣ ሌላ ሰው ላይ እንዴት እንደሚሆን ልትሞክር ብላ፣ ወደ በሩ ዞረች። «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ አንዴ ይልበሱት።»

«እኔ? በስልሳ ዓመቴ?»

«ጭምብል አለው እኮ፣ ማን ያይዎታል?»

አባትህ እኔን አየኝ። ከዚያ ጃኬቱን አወለቀ።

ልክ ሆነ፣ የአብስራ። ልክ ሆነ ስልህ ተሰፍቶለት የኖረ ነው የሚመስለው። ያ ግራው ቆዳ ረጋ ብሎ ትከሻው ላይ ተኛ። አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ባቡር ጣቢያው መጋዘን ጆንያ ሲሸከም የኖረው በዚያ ትከሻ አይደል! እኔ ስንት ዘመን ሸሚዙን ስተኩስ፣ ያን ትከሻ በቅባት ሳሽ ኖሬ ወረቀት ላይ ሳየው ጠማማ ነው ብዬ አስተካከልኩት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

እሱ እጁን ዘርግቶ እጅጌውን አየ። ደረቱን ዳሰሰ። ቆይቶ «ካፖርቴን የወሰደው እሱ ነው» አለ። አንተ ከሄድክ ጀምሮ የጠፋውን ያን የመጋዘን ካኪ ካፖርት ማለቱ ነው። ለልዋጭ ሰጥተሽብኝ በሳፋ ለውጠሽዋል እያለ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲነተርከኝ ኖሯል፤ አንተ ለካ ናይሮቢ ዘርግተህ ትለካዋለህ። ይህን አንዴ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ናዕማ ይህን ሁሉ ስለማታውቅ ካሜራዋን አንስታ «ጋሼ፣ ግድግዳው ሊወድቅብን ነው ብለው ያስቡ» አለችው። ማንም አላሳየውም። እግሩን ከፈት አድርጎ ተከለ፣ ግራ ትከሻውን አስጠጋ፣ መዳፉን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከፉርጎ ላይ ጆንያ ሲቀበል እንደዚያ ነበር የሚቆመው፤ ሳንጋባ ምሳ ይዤለት ስሄድ አይቼዋለሁ። ናዕማ ለአፍታ ማንሳቱን ረሳችው። ሚራክል እንኳ ማዛጋቱን ተወ። አንተ አይተህ ማነው ያልከኝ ፎቶ ያ ነው። ባትጠረጥር ኖሮ አንተም አትጠይቀኝም ነበር።

ሲያልቅ ናዕማ ዕቃዋን መሰብሰብ ስትጀምር «አንድ ቀረሽ» አላትና ጭምብሉን አወለቀ። ዓይኑ ቀልቷል። «ይሄኛውን በስልክ እንዳትልኪው፤ በወረቀት አውጪልኝ። ለአስተማሪዎቹ አይደለም» አለ። ፖስታው ውስጥ ያለው እሱ ነው። እንዳይታጠፍ በካርቶን መሐል አድርጌዋለሁ። ደረጃውን ስንወጣ ቆም አለና፣ ወደ እኔ ሳይዞር «ያን ሁሉ ዓመት ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሲስል፣ ምን እንደሚስል አንድ ቀን ቀረብ ብዬ አላየሁለትም» አለኝ። ክንዱን ያዝኩትና ወጣን።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላልቅ ብሎኛል። እራት ላይ «ሰውየው ሚስት አለው?» ይላል። ዜና እያየ «የሚኖረው እዚሁ አገር ነው?» ይላል። ጊዜ ለመግፋት የሚጠይቅ ይመስላል እንጂ በልቡ ሌላ ነገር አለ። እኔ የማውቀውን ነገርኩት፤ አለቀብኝ።

እንግዲህ ልጄ፣ የሳሪሱ አቦ ካሉበት ሆነው ይጠብቁህ። የሠራኸውን የሚያይልህ ዓይን፣ የደከምክበትን የሚያውቅልህ ሰው አይጣህ። ጾሙን ከቻልክ ጹም፣ ካልቻልክ ራስህን አታስርብ። እኔ ናፍቀኸኛል፤ ይህን ደግሞ ማንም ቢሰማኝ ግድ የለኝም።

ትናንት የጠየቀኝን ግን መመለስ አልቻልኩም። እኔ ጋ አትደውል፤ እሱ ጋ ደውለህ ራስህ ንገረው፣ ስልኩን ከእጁ አይለይም። «ያ ሰውዬ» አለኝ፣ «ሰዎቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ የተሸከመውን የሚያወርድለት ሰው ይመጣል ወይ?»

እናትህ
ብዙወርቅ