በገዛ አፌ የሰጠኋት ሳምንት

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ቆመሽ ስትውዪ የሚያብጠው እግርሽ ተሻለው ወይ? ጋሼ ባለቤትሽስ እንዴት ነው? ልጆቹስ አደጉ? የእማዬ ዓይን እንዴት ሰነበተ? ጠብታውን በሰዓቱ ታደርጋለች ወይስ ዛሬም አቃጠለኝ እያለች ጠርሙሱን ትራስ ሥር ትደብቃለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደብዳቤ ሁሉ እንደዚያ ስለሚጀምር። ግን ደህና አይደለሁም። አትደንግጪ፣ አልታመምኩም፤ እንዲያውም ወፍሬያለሁ። የከፋኝ በሌላ ነው።

ይህን ደብዳቤ ወደ ቤት ሳይሆን ወደምትሠሪበት መድኃኒት ቤት የላክሁት አውቄ ነው። ቤት ቢደርስ ትልቋ ልጅሽ ፖስታውን ቀዳ፣ እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ ከላይ እስከ ታች ለእማዬ ታነብላታለች። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ በደወልኩ ቁጥር ድምፁን ለቃችሁት ሁላችሁም ትከቡታላችሁ። ስለዚህ ደንበኛ የሌለበትን ሰዓት ጠብቂና ከመደርደሪያው ኋላ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ሳላዟዙር ልንገርሽ። መስከረም ላይ ፈቃድ የለኝም። ከአንቺና ከእማዬ ጋር ባሕሩ ዳርቻ ልንገናኝባቸው የነበሩትን፣ ቅዳሜና እሑዶቹን ጨምሮ ዘጠኙን ቀናት ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። ማንም አልቀማኝም፣ ማንም አላስገደደኝም። በገዛ አፌ ሰጠሁ።

ይኸኔ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሻል። ተቆጪ፣ መብትሽ ነው፤ ግን ጨርሰሽ አንብቢና ተቆጪ።

ትልቁን የአንሶላ መተኮሻ ማሽን በፎቶ አይተሽዋል፤ ይህ አውቶቡስ ነው ወይስ ማሽን ያልሽውን። እሱን የምንሠራው ሁለት ሰዎች ነን። ከሆቴሎቹ የመጣው አንሶላ ታጥቦ ሲወጣ አንዱ የቀኝ ጫፉን፣ አንዱ የግራ ጫፉን ይይዛል፤ እኩል ወጥረን፣ እኩል ተራምደን ወደ ጋለው ሮለር እናስገባለን። አንዱ ቢቀድም ጨርቁ ይጨማደዳል፣ አንዱ ቢዘገይ ይቃጠላል። ስለዚህ ከሁለታችን አንዱ ፈቃድ ሲወጣ ሌላው ንቅንቅ አይልም። ሕጉ ይኸው ነው፤ እኔም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ።

የማሽኑን ሌላ ጫፍ የሚይዘው ሰውዬ በዕድሜ አባታችንን ያህላል። ዝምታ እንለዋለን። አገሩ ሌላ ነው፣ ቋንቋውም ሌላ ነው፤ የምንግባባው በዚህ አገር ቋንቋ ስብርባሪ ነው። እማዬ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ትል የለ? የዚህ ሰው አፍ ዝንብ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም። ግን ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እጄን ከአንሶላው ጋር ሮለሩ ውስጥ ላስገባ ስል በክንዴ ጎትቶ ያወጣኝ እሱ ነው፤ ያን ቀንም ቢሆን አንዲት ቃል አልተናገረም።

የፈቃድ ወረቀት እኛ ዘንድ በሰኔ ይለጠፋል፣ ከእጅ መታጠቢያው በላይ። ሁሉም የሚፈልገውን ሳምንት በእርሳስ ይጽፋል። ሐምሌ ሲያልቅ አለቃችን፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለዋ ሴትዮ፣ ስሞቹን በእስክሪብቶ ትደግምባቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ አለቀ። በሕይወቴ ለአንድ ጊዜ እንኳ ልቅደም ብዬ፣ ወረቀቱ በተለጠፈ ዕለት የመስከረሙን ሳምንት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ፎቶ አንስቼ ልኬልሽም ነበር። አንቺ ደግሞ ጎበዝ፣ አሁን ሰው ሆንክ አልሽኝ።

እስክሪብቶው ሊያርፍ አንድ ሳምንት ሲቀረው ዝምታ በሻይ ሰዓት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ተናገረ። በአራት ዓመት ያልተናገረውን በአንድ ጊዜ ተናገረው። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ትቷት የወጣ ልጅ አለችው። አሁን እሷም ወልዳ፣ አይቷት የማያውቃትን የልጅ ልጁን ይዛ ልትመጣ ነው፤ የምትመጣውም በእኔዋ ሳምንት ነው። እሱ የያዘው የጥቅምቱን ነበር። ብትለውጠኝ አለኝ። ይህን ሁሉ ሲናገር የሚያየው እኔን ሳይሆን ብርጭቆውን ነበር።

እኔም ምን ችግር አለው፣ ውሰዳት አልኩት።

እታለም፣ የእኛን ነገር አንቺ ታውቂዋለሽ። ሰው ቤት ሄደን ብሉ ስንባል፣ ሆዳችን እየጮኸ፣ ኧረ ጠግበናል እንል ነበር። ሁለተኛም ኧረ በልተን ነው የወጣነው። እጃችን የሚዘረጋው ሦስተኛ ግድ ስንባል ነው፤ ከዚያ በፊት የዘረጋ ልጅ ቤት ሲገባ የእማዬ ቁንጥጫ ይጠብቀዋል። ሰጪም ይህን ያውቃል፣ ተቀባይም ያውቃል። እኔም ውሰዳት ስለው፣ ኧረ በፍጹም፣ አንተም አስበህባት ይሆናል ይለኛል ብዬ ነው። ያን ጊዜ እኔም እውነት ለመናገር እናቴ ዓይኗ እየደከመ ነው እለዋለሁ፤ ከዚያ ተያይዘን አለቃችን ዘንድ ሄደን መላ እንፈልጋለን። ልቤ የሄደው በዚህ መንገድ ነበር።

እሱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በደንብ አልኩት። ሁለቱንም እጆቼን ጨብጦ ተነሣና በቀጥታ ወደ ወረቀቱ ሄደ፤ ስሜን በላጲስ አጥፍቶ የራሱን ጻፈ። በእሱ አገር ለካ ሰው ሰጠሁ ካለ ሰጠ ነው። እኔ ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ተመልሶ እንቢ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አንሶላውን ስንወጥር ፊቱን አየዋለሁ፤ ፈገግ ይልልኛል። ፈገግታውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፣ አንድ ጥርስ ጎድሎታል። ከዚያ የሐምሌው መጨረሻ መጣና አለቃችን እስክሪብቶዋን አነሣች።

በማግስቱ እሷ ዘንድ ገባሁ። የእማዬን ነገር፣ ቪዛችሁ ለእነዚያ ቀናት ብቻ የተመታ መሆኑን፣ ሐኪሙ እስከ ጥቅምት የሰው ፊት ትለያለች፣ ከዚያ ወዲያ ቃል አልገባም ማለቱን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ መነጽሯን አውልቃ ሰማችኝ። ለሁለታችሁም ፈቃድ ብሰጥ ማሽኑ ይቆማል፣ ማሽኑን ማቆም ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ራሱ ሰውየው ይቅርብኝ ካለ ግን በዚህ እጄ አስተካክለዋለሁ አለችኝ። ሂድና ንገረው፣ ስድስት እርምጃ ነው አለችኝ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም፤ እውነቷን ነው።

ስድስቷን እርምጃ መራመድ አቃተኝ።

መጀመሪያ ቤቱ ሄድኩ። በሥራ ቦታ እንዳልነግረው ሬድዮ አለች፤ አንሶላ የምታጥፈው ሴትዮ ናት፣ የሰማችውን እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሕንፃው ሁሉ ይሰማዋል። ዝምታ በሩን ሲከፍትልኝ ፀጉሩ ላይ ቢጫ ቀለም ነበር። አንዲቱን ክፍሉን ለልጅ ልጁ ቢጫ እየቀባ ነው። ብሩሽ ሰጠኝ። የበሩን ፍሬም ቀብቼለት ወጣሁ።

ሁለተኛ ጊዜ ቃሎቹን በወረቀት ጽፌ፣ በቃሌ አጥንቼ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ የልጅ ልጁን ፎቶ አመጣልኝ። ፊቷ ከእኔ ጋር ይመሳሰላል ወይ አለኝ። ግንባሯ ቁርጥ አንተን አልኩት፤ እውነትም ነው። ወረቀቴ ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ሦስተኛውን ስነግርሽ እባክሽ አትሳቂ፤ ወይም ሳቂ፣ እኔስ ያልሳቅሁት ዕንባዬ ስለቀደመ ነው። ባለፈው እሑድ አልጋ ገዛሁ፣ ና አግዘኝ አለኝ። አሳንሰር የለውም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። የእኔን ሳምንት የምትተኛበትን አልጋ በገዛ ትከሻዬ አራት ፎቅ ተሸክሜ አወጣሁ። ብሎኖቹንም እኔ ነኝ ያጠበቅሁት። ስጨርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ስለ እሱ ያለቀስኩ መሰለው።

ለሬድዮ ሹክ ብላትስ ብዬም አስቤ ነበር። አንድ ቃል ይበቃት ነበር፤ ራሱ ሰምቶ፣ አፍሮ ይመልስልኝ ነበር። ግን ያን ቢጫ ግድግዳ ካየሁ በኋላ ሰውየውን በሰው አፍ ማሳፈር አልሆነልኝም። በራሴ አፍ ማሳዘንም አልሆነልኝም። እሱን ስል እናንተን፣ እናንተን ስል እሱን አሳዝናለሁ። እንዲህ መሐል ቆሜ ቀን ይሄዳል። ከመስኮቴ ፊት ያለው ዛፍ ጫፍ ጫፉ መቅላት ጀምሯል፤ ሙቀቱ ማለዳ ማለዳ የለም፤ ሆቴሎቹም የክረምት ብርድ ልብሳቸውን መላክ ጀምረዋል።

ሌላም ልናዘዝሽ። ባለፈው ቅዳሜ ባሕሩ ዳር ከምንይዘው ክፍል በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ ለማን ይሁን ብለን ስንከራከር ሳምንቷ ከእጄ ከወጣች ቆይታለች። ደረጃ የሌለው ክፍል ይሁን፣ ከበሩ እስከ አሸዋው ስንት ሜትር ነው ብለሽ ጠይቂ ስልሽም አውቅ ነበር። ዋና ልማር ነው ስልሽ፣ ገንዳ ውስጥ የምትሰጥም ልጅ ብለሽ ስትስቂብኝ አብሬሽ ሳቅሁ። እኔ ወደ እናንተ እንዳልመጣ ወረቀቴ ገና ነው፤ እናንተ ወደዚህ እንዳትመጡ ሁለት ጊዜ ከለከሏችሁ፤ ሁላችንንም የሚያስገባ አገር ፈልገሽ ፈልገሽ፣ እኩሌታው መንገድ ላይ ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ጎብኚው ወደየቤቱ ሲመለስ ጸጥ ይላል፣ እማዬን ሰው አይገፋትም ብለሽ መስከረምን የመረጥሽውም አንቺ ነሽ። ስድስት ዓመት የጠበቅነውን በአንድ የሻይ ሰዓት በተንኩት።

አሁን የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ እኔ መጣሁም ቀረሁም ጉዞው እንዳይሰረዝ። እማዬ ባሕሩን ትይ፣ አሸዋው ላይ ትቀመጥ። ሁለተኛው፣ አንቺ ታላቄ ነሽ፤ እዘዢኝ። ሂድና ሳምንቴን መልስልኝ በለው ብለሽ በጽሑፍ እዘዢኝ፤ ትእዛዝሽን ይዤ፣ እህቴ አዘዘችኝ ብዬ፣ ምናልባት አፌ ይከፈት ይሆናል። ወይም ተወው፣ ያ ሰውም አባት ነው በይኝ፤ ያን ጊዜ ቢያንስ ቁርጤን አውቃለሁ። ትልቅ ሰው ሆኜ ይህን መለመኔ ያሳፍራል። ብቻዬን ግን አልቻልኩም።

የማክሰኞውን ግን ሳልነግርሽ ደብዳቤውን ልዘጋ አልችልም። አንቺ ሥራ ላይ በነበርሽበት ሰዓት ደወልኩ። እማዬን ብቻዋን አግኝቼ ልነግራት ቆርጬ ነበር። ትልቋ ልጅሽ ስልኩን ሰጠቻትና ሄደች። ገና ሰላም ሳልላት እማዬ ምስጢር ልንገርህ፣ ለእህትህ እንዳትነግራት አለችኝ። ለካ አንቺ ስትወጪ ልጆቹን በተራ በተራ በረንዳው ላይ ታቆማቸዋለች፤ ወደ ኋላ ሂዱ፣ ወደ ፊት ኑ ትላቸዋለች። የት ላይ ቢቆሙ ፊታቸው ጥርት ብሎ እንደሚታያት እየለካች ነው። አሁን አግኝታዋለች፤ ሦስት እርምጃ ነው፣ ብርሃኑ ከጎን ሲሆን። ከዚያ ከቀረበ ይደፈርሳል፣ ከራቀም ይጠፋል። እንደደረስህ ዘለህ እንዳታቅፈኝ አለችኝ። መጀመሪያ ሦስት እርምጃ ላይ ቆመህ፣ ወደ ብርሃኑ ዞር ብለህ፣ እስክጠግብህ ድረስ እንዳትነቃነቅ፤ እሺ?

እሺ እማዬ አልኳት።

እሷንም እሺ አልኳት፣ እታለም።

ሰላምታዬን በደብዳቤ ሳይሆን በስልክ እንደነገርኩሽ አድርገሽ አድርሺልኝ። ለጋሼ ባለቤትሽ፣ እናንተ ስትሄዱ ልጆቹን ብቻውን ሊጠብቅ እሺ ስላለ ውለታውን አልረሳም በይው፤ እሱ ቢያንስ እሺ ሲል የሚችለውን ነው። ዜና አንባቢዋን ጉንጯን ሳሚልኝ። ትንሹን ቡጬን ጆሮውን ቆንጥጪልኝ፣ በረንዳ ላይ አልቆምም ብሎ እንዳያስቸግር። አዋላጇ ጎረቤታችንንም ወገባቸው እንዴት ነው ብሏል በያቸው።

ለእማዬ ሰላምታ አልጻፍኩም። ማክሰኞ ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ ከእንግዲህ ሰላምታ በሰው እንዳትልክብኝ፣ ራስህ ይዘኸው ና ብላኛለች።

ታናሽ ወንድምሽ

ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ካለችው ክፍሌ
ሐሙስ፣ ነሐሴ 14 ቀን