ሰማያዊው የገበያ ፖስተር

ሰኞ፣ የካቲት 2
ዛሬም ያው። የሠርግ ካርድ፣ የሱቅ ታፔላ፣ የቸርች ባነር። ከሰዓት ግን ከጊዳ አያና በኩል ሁለት ሽማግሌዎች አብረው ገቡ፣ አንዱ ኦሮሞ፣ አንዱ የወሎ ሰው። በግጭቱ ተዘግቶ የከረመው የድሮ ሰፈራችን ገበያ ቅዳሜ የካቲት 21 ሊከፈት ነው። በሁለቱም ቋንቋ ፖስተር ይፈልጋሉ። ሁለቱም ወገን ካልመጣ ምኑን ገበያ ሆነ አሉ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ሙዘይን ወደ እኔ አመለከቱ፣ እሷ ትሠራዋለች ብለው።

ማስታወሻዬ፣ እማዬ በርበሬ ትሸጥበት የነበረው ገበያ እኮ ነው። ጥለን ወጥተን እዚህ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ከተከራየን ወዲህ ስሙን አታነሳም። ማታ ነገርኳት። ይከፈታ፣ አለች። ትሄጃለሽ ወይ ስላት፣ ሞኝሽን ፈልጊ አለችኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3
ጀመርኩ። ሥዕል የለም፣ ፊደል ብቻ። መጀመሪያ ግሪድ፦ ወረቀቱን በቀጫጭን መስመር ስድስት አምድ፣ ስምንት ረድፍ አድርጌ ከፈልኩት። መስመሩ ሲታተም አይታይም፤ ፊደሉን ግን ሁሉንም ቦታ ቦታው ያስይዘዋል። ከላይ ኦሮምኛው፣ ከታች አማርኛው፣ መሐል ትልቅ 21። ቀለሙ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ። ከቪዲዮ የተማርኩት ነው። አማረልኝ፣ ኮራሁ።

ጋሽ ሙዘይን አንዴ አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። ይሄ ቀለም የአንድ ወገን ነው ይሉሻል አሉኝ። እዚሁ አድጌ እንዴት ይሄን አላየሁም! ወደ አረንጓዴና ቢጫ ቀየርኩት። አሁን ደግሞ የሌላው ሆነ። ቋንቋው ከታች የተጻፈበትም ወገን ያኮርፋል አሉ። ልክ ናቸው፣ ያናድዳል። ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ፣ የካቲት 5
ጎን ለጎን፣ ሦስት ሦስት አምድ። ኦሮምኛው ረጅም፣ አማርኛው አጭር፤ አንዱ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ሌላው ባዶ። አንድ ረድፍ ይሄ፣ አንድ ረድፍ ያ እንዲቀድም ሞከርኩ። ለፎቶ ኮፒ የመጣውን ሁሉ አስነበብኩት። ሁሉም መስመሩ ጠፋብኝ አለ። ጋሽ ሙዘይን የበሬ ፎቶ አድርጊበትና ገላግዪን አሉ። አላደርግም።

ዓርብ፣ የካቲት 6
አዴ ለሊሴ ለልጃቸው ወረቀት ሊያስጽፉ መጡ። እዚያ ገበያ ቅቤ ይሸጡ ነበር፣ ከእማዬ ጎን። እሳቸውም ለቀው መጥተው አሁን እዚሁ ነቀምቴ ይሸጣሉ። ከእማዬ ጋር ግን አይጠያየቁም። ተጣልተው አይደለም፣ ተፈራርተው ነው። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ብለው ጉንጬን ሳሙኝ፤ ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበር የሚጠሩኝ።

አሳየኋቸው። ቀለሙን አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ሸራችን የት አለ አሉኝ። ረስቼው ነበር! ሰማያዊ ሸራ፣ ሁለቱ ቋሚ እንጨት የእሳቸው፣ ሁለቱ የእማዬ። ዝናብ ሲመጣ ቅቤውም በርበሬውም እዚያው ሥር ይሰበሰባል። ገበያው ሙሉ እንደዚያ ነበር፣ ከሩቅ ሰማያዊ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7
ሰማያዊ ብቻ፣ በነጭ ላይ። እኩል አምድ የሚባለውን ተውኩት። ለኦሮምኛው ሰፋ ያለ አምድ፣ ለአማርኛው ወፈር ያለ ፊደል። ከሩቅ ሲያዩት ሚዛኑ ልክ መጣ። ግራ ማን ይሁን የሚለው ግን አልተፈታም። ሁለት አተምኩ፣ አንዱ ኦሮምኛው ግራ፣ አንዱ አማርኛው ግራ። የትኛው ይሻላል ብዬ በሩ ላይ ጎን ለጎን ለጠፍኳቸው። ማንም አልመረጠልኝም። ሁለቱም ጥሩ ነው ይላሉ፣ ያልፋሉ። አዴ ለሊሴማ ተቆጡ፦ ለምን ታስመርጪናለሽ፣ ሁለቱም ይለጠፍ።

ያልመረጡት በይሉኝታ መሰለኝ። ከአስፋልቱ ማዶ ሆኜ ሳየው ግን ገባኝ። መሐል ላይ አማርኛው ከአማርኛው ተገናኝቷል። ሦስተኛ ብጨምር ኦሮምኛው ከኦሮምኛው ይገናኛል። በተርታ ሲለጠፍ ማን ቀደመ ማን ተከተለ የለም። እዚህ አገር ደግሞ ፖስተር መቼ ብቻውን ተለጥፎ ያውቃል! የዲጋ መናኸሪያን ግድግዳ ያየ ያውቃል። ብቻዬን ሳቅኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10
ሽማግሌዎቹ መጡ። አንዱ የራሱን ጮክ ብሎ አነበበ፣ ሌላው የራሱን፣ ከዚያ ተያዩ። ይታተም አሉ። ጋሽ ሙዘይን ለእኔ ሻይ አዘዙ፣ እሳቸው!

አንዱን ይዤ ቤት ገባሁ። እማዬ ቆማ አየችው። ሰማያዊውን ማን መረጠ አለች። ነገርኳት። ሸራው አሁንም አለ ወይ አለችኝ። አዴ ለሊሴ ጋ አለ፣ አንድ ጥግ ተቀዷል ብለውኛል አልኳት።

ረቡዕ፣ የካቲት 11፣ ጠዋት
ስነሳ እማዬ የበርበሬ መለኪያ ጣሳዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ እያጠበች ነው። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ለቅዳሜው 21 ጋሽ ሙዘይንን ፈቃድ እጠይቃለሁ፣ ባይሰጡኝም እሄዳለሁ።

እየጠራችኝ ነው። የአዴ ለሊሴን ስልክ ስጪኝ ትላለች። እጇ እርጥብ ነው፣ እኔ ልደውልላት።