የወንድምሽ ሹመት

እልል በይ፣ ወንድምሽ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሆነ! ይኸው፣ ከደስታዬ ብዛት ሰላምታውን ረሳሁት። ለመሆኑ እንዴት ነሽ የባሌ እህት? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? እኛ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነን።

ሹመቱን ያመጣው ቤተ መጻሕፍቱ ያስገባው አዲሱ ኮምፒዩተር ነው። መጻሕፍቱ በሙሉ እዚያ ገብተዋል፤ ርዕሱን ስትጽፊበት መደርደሪያውን ያሳይሻል። ባልደረቦቹ አዲስ ነገር መማሩ ከብዷቸው ሲያጉረመርሙ፣ ዱሮ ዓይኑን ጨፍኖ መጽሐፍ ያወጣ የነበረው ወንድምሽ ከኮምፒዩተሩ ፊት አልነሳም አለ። አለቃው፣ "በዚህ ዕድሜው እንዲህ ቴክኖሎጂ የሚወድ ሰው አላየሁም" አሉኝ። እኔም፣ "አዎ፣ ይወዳል" አልኳቸው። ጠዋት እኔው አደርሰዋለሁ፣ ማታም እኔው እመልሰዋለሁ፤ በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው ይባል የለ?

ትናንት ወጥ ቤት መሀል ቆሞ፣ "ስኳሩ የት ነው? ይሄ ቤት ኮምፒዩተር የለውም እንዴ?" አለኝ። "ኮምፒዩተሩ እኔ ነኝ!" ስለው ሁለታችንም ሳቅን። አንዳንዴ እኔን ባንቺ ስም ይጠራኛል፤ ናፍቀሽው ነው መቼስ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹንም አገላብጠሽ ሳሚልኝ። አጎታቸውን ሲስሙት ግን እያንዳንዳቸው ስማቸውን ጮክ ብለው ይንገሩት፤ ጨዋታ ይምሰል። ለከርሞ እንመጣለን እንዳትሉኝ አደራ፤ የሹመቱ ድግስ የዚህ ወር የመጨረሻው እሑድ ነው፣ ሁላችሁም ኑ።