የሰው ማማ ላይ የወጣን ቅዳሜ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ገብረየስ፣

እንዴት ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ብርድ ሲነካህ ይነሳብሃል? የእትዬ ፀሐይወርቅስ ዓይን? ዝናቡስ፣ ማሽላውስ እንዴት ሆነላችሁ? እኛ አምላክ ይክበር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁና ከዚህ አጥንት ከሚሰብር ብርድ በቀር ደህና ነን።

ጋሼ፣ ይህን የምጽፍልህ ሳቄ ሳያልቅ ነው። ባለቤቴ አሥራት አደን አደን ሲል እንደኖረ ታውቃለህ። ዘንድሮ ግሮቭ ሲቲ ዌርሃውስ፣ ማለቴ መጋዘን፣ አብረውት የሚሠሩት ሰዎች መንገዱን አሳዩትና ፈቃድ አወጣ። ታዲያ አጋዘን በጠመንጃ የሚታደነው በዓመት አንድ ሳምንት ብቻ ነው። እሱ ሥራ ላይ ስለሰነበተ የቀረችው የመጨረሻዋ ቀን ቅዳሜ ናት፤ እሷ ካለፈች እስከ ከርሞ የለም። ብቻውን አልሰደውም ብዬ ተከተልኩት። ሥጋው ጾሙ እስኪፈታ ፍሪዘር ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ሳይቀር አስቤ ነበር!

ጫካው የሕዝብ ነው፤ ፈቃድ ያለው ሁሉ ይገባል። ገና ሲነጋጋ ገብተን ጥቂት እንደሄድን አንድ ትልቅ ዛፍ ላይ ማማ ተሠርቶ አየን። ከነመሰላሉ! አንተ በወንጭፍ ዝንጀሮ ስታባርር፣ እኔ ጥንቅሽ ስመጥ የዋልንበት የአባባ ማማ ድቅን አለብኝ። የአጣዬ ገበያተኛ ሁሉ ወጥቶ ያርፍበት አልነበር? አባባ ሰው ተቀምጦ ሲያገኝ እሸት ይጠብስለት ነበር እንጂ መች ውረድ ይል ነበር። አሥራትም «መሬቱ የሕዝብ፣ ባዶ ማማ የመንገደኛ፤ ውጪ» አለኝና ወጣን።

ብዙም ሳንቆይ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጠመንጃውን ይዞ ከሥር ቆመ። ነፍሴ ልትወጣ! ሰውየው ግን አልጮኸም። ጥይቱን አውጥቶ ኪሱ ከተተና «መሬቱ የሁላችን ነው፤ ማማው ግን የእኔ። መኪናዬን መንገድ ዳር ባቆም ገብተህ ትቀመጣለህ?» አለ። አሥራት በኀፍረት የራሱንም ጥይት አወጣና ወረድን። እኔ በዚያች በምታውቃት እንግሊዝኛዬ ስለ አባባ ማማ፣ ስለ ገበያተኛው፣ ስለ እሸቱ ለፈለፍኩለት። ሰውየው ሚስተር ዋልተር ይባላል፤ ሳቀና «እሸት እንኳ የለኝም» ብሎ ከኪሱ ፖም አውጥቶ ቆርጦ አካፈለን። ከዚያ «ዛሬ እናንተ ተቀመጡ» ይላል። አሥራት «ባለቤቱ ቆሞ? በፍጹም!» ይላል። «ግዴለም፣ አንተ ውጣ።» «አይሆንም፣ እርስዎ ይቅደሙ።» በር ላይ እለፍ አንተ እለፍ እየተባባሉ እንደሚገፋፉት የአገራችን ሽማግሎች! ፈረንጅም ይሉኝታ ያውቃል ለካ።

በዚህ መሐል ኮሽ አለ። ዘወር ስንል ቀንዱ ቅርንጫፍ የሚያክል አጋዘን በማማው ሥር ያልፋል፤ ቀስ ብሎ፣ ቤቱ እንደሚገባ ሰው። ሁለቱ አዳኞች ባዶ ጠመንጃቸውን ይዘው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አሥራት አሁን ሊያለቅስ ነው ስል ሚስተር ዋልተር ሳቁን ለቀቀው። አሥራትም ተከተለው፣ እኔም ተጨመርኩ። ሌላ አጋዘን ከነበረም በእኛ ሳቅ አገር ጥሎ ጠፍቷል።

ትናንት ሚስተር ዋልተር ኢስትሙር ቤታችን ድረስ መጥቶ ሽሮ በላ። ለከርሞ ማማው ላይ ጠዋት አሥራት፣ ከሰዓት እሱ እንዲቀመጡ ተስማሙ። ያ ሁሉ ዓመት «እዚህ አገር ሰው የለኝም» ሲል የኖረው አሥራት አደን ወጥቶ ሰው ይዞ ገባ።

እትዬ ፀሐይወርቅን በጣም በጣም ሰላም በልልኝ። የመሰረትን ሁለት ጉንጮች ሳምልኝ። ማዘንጊያን «አክስትህ በዚህ ዕድሜዋ ዛፍ ወጣች» በለው፣ ይሳቅ። አሥራት ጉልበትህን ይስማል።

እህትህ ማንያህልሻል

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ታኅሣሥ ፭ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.